ታሪክን አስነግሮ፣ ጥያቄን መርጦ መረዳት፦ በጣና ዳርቻ ለሚጠይቁ ሰዎች

በባሕር ዳር ወደብ አንድን ዓሣ አስጋሪ «የጣና ዓሣ ቀንሷል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ «አዎ፣ በጣም ቀንሷል» የሚል መልስ ይዞ ይመለሳል። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ጠያቂው ከቤቱ ሲወጣ ያላወቀውን አንዳችም ነገር አልጨመረለትም። ጥያቄው መልሱን በውስጡ ይዞ ስለሄደ ለተጠያቂው የቀረለት ሥራ መስማማት ወይም አለመስማማት ብቻ ነበር። ያው አስጋሪ «ባለፈው ሳምንት መረብዎን የጣሉበትን አንድ ሌሊት ከመነሻው ጀምረው ይንገሩኝ» ቢባል ግን መረቡ የት እንደተጣለ፣ ዓይኑ ምን ያህል ሰፊ ወይም ጠባብ እንደሆነ፣ ነፋሱ ከየት እንደነፈሰ፣ ምን ዓይነት ዓሣ እንደወጣና ማን በስንት እንደገዛው ሁሉ በአንድ ትረካ ውስጥ ይወጣል። ጠያቂው ሊጠይቀው ያላሰበው ነገር የሚገኘውም እዚያ ውስጥ ነው።

ከዚህ በታች የማስረዳው እንዲህ ያለውን ትረካ እንዴት ማስጀመር፣ እንዴት መከታተልና ከተሰማው ታሪክ ቀድሞ ያልነበረ ግንዛቤ እንዴት ማውጣት እንደሚቻል ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚያዘጋጅ ተማሪ፣ ለግብርና ባለሙያ፣ ለጋዜጠኛ፣ እንዲሁም የወላጆቹን ዘመን ከራሳቸው አፍ መስማት ለሚሻ ሰው ሁሉ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ምሳሌዎቹን ሁሉ ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ ወስጃለሁ። ሐይቁ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ብዙ ለውጥ አይቷል፤ ለውጡንም ብዙ ጊዜ በመሣሪያ ከሚለኩት ሰዎች ቀድመው የሚያዩት በየዕለቱ ውኃው ላይ የሚውሉት ናቸው። እነርሱን በወጉ መጠየቅ ተገቢ ብቻ ሳይሆን አስቸኳይም ሥራ ነው፤ ያዩትን ሳይናገሩ የሚያልፉ ሽማግሌዎች በየዓመቱ አሉና።

ለምን ዓላማ ነው የምንጠይቀው?

በእኛ ዘንድ መጠየቅ የቆየ ጥበብ ነው፤ ነገር ግን ከለመድናቸው የጥያቄ ዓይነቶች ሁለቱ ለዚህ ሥራ አይሆኑም። የመጀመሪያው የሙግት ጥያቄ ነው። በቀድሞው ሥርዓት ተሟጋቾች «ተጠየቅ» እየተባባሉ፣ በበላ ልበልሃ ወግ በግጥምና በምሳሌ ይከራከሩ ነበር፤ በዚያ ሸንጎ ጥሩ ጥያቄ የሚባለው ባላጋራን መውጫ የሚያሳጣው ነው። ሁለተኛው የእንቆቅልሽ ጥያቄ ነው። «እንቆቅልህ» የሚለው ልጅ መልሱን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ «ምን አውቅልህ» ያለው ደግሞ መልሱ ካልመጣለት አገር ሰጥቶ ይሸነፋል። ሁለቱም የየራሳቸው ውበትና ጥቅም አላቸው። ሆኖም አዲስ ግንዛቤ ፈልጎ የሚጠይቅ ሰው ተጠያቂውን ማጥመድም ሆነ መፈተን አይገባውም፤ መልሱን በእርግጥ የማያውቅ፣ ሲነገረውም ሐሳቡን ለመለወጥ የተዘጋጀ ሰው መሆን አለበት።

ይህ አቋም ከጠያቂው ድምፅ ይታወቃል። መምህር ተማሪውን በሚጠይቅበት ድምፅ የተጠየቀ ገበሬ ወዲያውኑ «ትክክለኛውን» መልስ መፈለግ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ የሚነግርዎ በዓይኑ ያየውን ሳይሆን በስብሰባ የሰማውን ነው። ሐይቁን ስለወረረው የእንቦጭ አረም፣ ስለ አፈር መሸርሸር ወይም ስለ ሕገ ወጥ መረብ ሲጠየቁ ከባለሙያ ንግግር የተቀዳ መልስ የሚሰጡ ሰዎች የሚያጋጥሙት በዚህ ምክንያት ነው፤ ጥፋቱም ከተጠያቂው ይልቅ የጠያቂው ነው።

ከመሄድዎ በፊት

ዝግጅቱ የሚጀምረው ከራስ ነው። በአንድ ገጽ ላይ ስለ ጉዳዩ አሁን የሚያስቡትን፣ ያንንም ከየት እንዳገኙት በግልጽ ይጻፉ። ለምሳሌ «የጣና ዓሣ የቀነሰው በሕገ ወጥ መረብ ምክንያት ነው ብዬ አስባለሁ፤ ይህንንም የሰማሁት ከዜና ነው» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ገጹ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ያዘጋጁአቸውን ጥያቄዎች ከእርሱ ጋር ሲያስተያዩ ከጥያቄዎቹ ውስጥ የራስዎን መልስ ደብቀው የያዙትን ለይተው ያወጧቸዋል። ሁለተኛ፣ ከጉዞው ሲመለሱ የተለወጠውን ከነባሩ ለመለየት ማስረጃ ይሆንዎታል። ይህን ያላደረገ ሰው አዲስ ነገር ሰምቶ እንኳ «ይህንማ ድሮም አውቀው ነበር» ለማለት ይቸኩላል፤ የሰው ልብ አዲሱን ከአሮጌው ጋር በቶሎ ያዋህዳልና።

ስለ ቦታው መሠረታዊ ነገሮችን ማወቅም ያስፈልጋል። ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቅ አይደለም፤ እጅግ በጠለቀበት ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ውኃ ከሚያመጡለት ወንዞች ዋና ዋናዎቹ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ሲሆኑ የሚወጣለት ወንዝ ዓባይ ብቻ ነው። ይህን የማያውቅ ጠያቂ አንድ አስጋሪ «ውኃው አንድ ክንድ ሲወርድ ዳሩ ሩቅ ይሸሻል» ቢለው ከንግግር ማጋነን ይቆጥረዋል፤ የሚያውቅ ግን ቁም ነገር እንደተነገረው ይገባዋል።

ትረካውን ማስጀመር

ሰው የሚተርከው ልቡ ሲያርፍ ነው። ሰላምታው በቂ ጊዜ ይሰጠው፤ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ሳይጠያየቁ ወደ ጉዳይ መግባት በዚህ አገር ጥድፊያ ብቻ ሳይሆን ንቀት መስሎ ይታያል። በዕድሜ የሚበልጥዎን «አባባ»፣ «እማማ»፣ «ጋሼ» ወይም «እትዬ» ብለው ይጥሩ። በገዳም አንድን አባት የሚጠይቁ ከሆነ «አባ፣ ይፍቱኝ» ብለው፣ «እግዚአብሔር ይፍታ» እስኪባሉ ጠብቀው ይጀምሩ። ለቡና ከተጋበዙ አቦሉ ሳይጠጣ ማስታወሻ ደብተር አያውጡ። ድምፅ መቅዳት ቢያስፈልግ ፈቃድ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቃላቸው ለምን እንደሚፈለግና ማን እንደሚሰማውም ሳይሸፋፈን ይነገር።

የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ቀንን፣ አንድ ሥራን ወይም አንድ ዕቃን የሚመለከት ይሁን። «ስለ ሐይቁ ምን ያስባሉ?» የሚለው ጥያቄ አስተያየት ያመጣል፤ አስተያየት ደግሞ በአንድ መንደር ውስጥ ከሰው ወደ ሰው ስለሚተላለፍ አሥር ሰው ቢጠይቁም የሚሰሙት አንዱን ነው። «ውኃው ከሁሉ በላይ ሸሽቶ ያዩበትን ጊዜ ይንገሩኝ» የሚለው ግን ከእያንዳንዱ ሰው የተለየ ታሪክ ያመጣል፤ እያንዳንዱ የቆመበት ዳር የተለያየ ነውና።

ዕቃ በተለይ ጥሩ መነሻ ነው። ታንኳ ሲሠራ ያገኙትን ሰው «ይህ ደንገል ከየት ተቆረጠ?» ብለው ይጠይቁት፤ ቀጥለውም «አባትዎስ ከየት ይቆርጡ ነበር?» ይበሉ። የደንገል ታንኳ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድና ስለሚበሰብስ ብዙ ሳይቆይ በአዲስ ይተካል፤ ስለዚህ ታንኳ ሠሪው ደንገሉ የት እንዳለ፣ የት እንደጠፋና ምን ያህል እንደራቀ ከማንም በተሻለ ያውቃል። በሁለት አጭር ጥያቄ ብቻ የሐይቁ ዳር ረግረግ በአንድ ትውልድ ውስጥ እንዴት እንደተለወጠ የሚያሳይ ታሪክ ይከፈታል። ሰውየው ግን የተጠየቀው ስለ አካባቢ ጥበቃ ሳይሆን ስለ እጁ ሥራ ስለሆነ የሚመልሰው በእርግጠኝነትና በኩራት ነው።

ጊዜን በዓመት ቍጥር መጠየቅ ብዙውን ጊዜ አያዋጣም። «ስንት ዓመት ይሆናል?» ሲባል «አሥር» ወይም «ሃያ» የሚል ክብ ቍጥር ይመጣል። «ደርግ ከመውደቁ በፊት ነው ወይስ በኋላ?»፣ «የበኩር ልጅዎ ተወልዶ ነበር?»፣ «የጨረጨራ ግድብ ተሠርቶ ነበር?» ብሎ ማስታወሻ ምልክት መስጠት ይሻላል። ወሩን ለማወቅም በዓላትንና አጽዋማትን መጠቀም ነው፤ «ከፍልሰታ በፊት»፣ «በመስቀል ሰሞን»፣ «ጥምቀት ካለፈ በኋላ» የሚሉ መልሶች ከማንኛውም ግምት ይበልጥ ትክክል ናቸው። ወሩ ለምን ይህን ያህል እንደሚያስፈልግ ከታች በዓሣው ጉዳይ ይታያል።

ከጠየቁ በኋላ ዝም ይበሉ። ለብዙ ጠያቂ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ተናጋሪው ንግግሩን ገታ ሲያደርግ የጨረሰ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ቀጥሎ የሚናገረውን እየመዘነ ነው። በዚያ መሐል ሌላ ጥያቄ የጣለ ሰው ሊነገረው የነበረውን ዋና ነገር በገዛ አፉ ይዘጋዋል።

ተከታይ ጥያቄዎች

ታሪኩ ከተጀመረ በኋላ የጠያቂው ሥራ ትረካው እንዳይቋረጥና እንዳይደበዝዝ መርዳት ነው። «ከዚያስ?» እና «ከዚያ በፊትስ?» ቀላል ቢመስሉም ብዙ ይሠራሉ፤ የመጀመሪያው ውጤቱን፣ ሁለተኛው መንሥኤውን ያወጣሉ። «በዚያን ጊዜ አብሮዎት ማን ነበር?» የሚለው ሌላ ምስክር ይጠቁማል። ታሪኩ ወደ አጠቃላይ አባባል ሲሸሽ፣ ማለትም ተናጋሪው «ድሮ እንዲህ ነበር፣ ዛሬ ግን ጠፋ» ማለት ሲጀምር፣ «እንደዚያ የሆነበትን አንድ ቀን ያስታውሳሉ?» ብሎ ወደ መሬት መመለስ ይገባል።

ከሁሉም ተከታይ ጥያቄዎች የማስቀድመው «እንዴት አወቁ?» የሚለውን ነው። ሰው ከሚያወራው ውስጥ ከፊሉን አይቶታል፣ ከፊሉን ሰምቶታል፣ ከፊሉን ደግሞ ካየውና ከሰማው ተነሥቶ ራሱ ደምድሞታል። ሦስቱም ዋጋ አላቸው፤ ነገር ግን ካልተለዩ ጠያቂው ወሬን ከምስክርነት ጋር አዳብሎ ይጽፋል። ጥያቄው የመጠራጠር ቃና እንዳይኖረው «ይህን እርስዎ ራስዎ ነበሩበት ወይስ የነገረዎት ሰው አለ? ካለ እርሱንም ባገኘው ደስ ይለኛል» ብሎ ማለዘብ ይቻላል። እንዲህ ሲባል ተጠያቂው እንደ ተጠረጠረ ሳይሆን ሌላ አዋቂ እንዲጠቁም እንደ ተለመነ ይሰማዋል።

«ለምን እንዲህ አደረጉ?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ደግሞ ሰውን ወደ መከላከል ይገፋዋል። ጠባብ ዓይን ያለው መረብ የሚጠቀም ወጣት «ለምን?» ሲባል ምክንያት ይደረድራል፤ «ይህን መረብ የገዙበት ጊዜ ነገሩ እንዴት ነበር?» ሲባል ግን የመረቡን ዋጋ፣ የነበረበትን ዕዳና የሌሎቹን አስጋሪዎች ሁኔታ ይተርካል። የእውነተኛው ምክንያት መገኛ ሁለተኛው ነው።

ሁለት ታሪኮች ሲጋጩ

አዲስ ግንዛቤ ከሁሉ በላይ የሚወለደው ሁለት እውነተኛ ሰዎች የሚቃረን ታሪክ ሲነግሩን ነው። ብዙ ጠያቂዎች እዚህ ላይ ሲደርሱ አንዱን መርጠው ሌላውን «ተሳስቷል» ብለው ይተዋሉ። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው፦ ሁለቱንም እውነት ናቸው ብሎ መያዝና «ሁለቱ አብረው እውነት ሊሆኑ የሚችሉት ምን ቢሆን ነው?» ብሎ ራስን መጠየቅ ይገባል።

የዓሣውን ጉዳይ እንመልከት። በባሕር ዳር በኩል የሚያሰግር አንድ ሰው ዓሣው ከዓመት ወደ ዓመት እያነሰ መሄዱን ቢተርክልዎ፣ በፎገራ በጉማራ ወንዝ አፍ አካባቢ የሚኖር ገበሬ ደግሞ በክረምት ዓሣ በብዛት ሲወጣ እንደሚያይ ቢነግርዎ፣ ሁለቱ የሚጣሉ ይመስላሉ። ቀኑንና ቦታውን የሚያወጡ ጥያቄዎች ጠይቀው ከሆነ ግን ልዩነቱ ራሱ ይናገራል። በጣና ውስጥ ባለሙያዎች ላቢዮባርበስ የሚሉት የዓሣ ወገን አለ፤ ከዚህ ወገን 15 ያህሉ ዝርያዎች ከጣና በቀር በሌላ የትም አይገኙም። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ እንቁላል ለመጣል ከሐይቁ ወጥተው ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ይጓዛሉ፤ ከመጓዛቸው በፊትም በወንዞቹ አፍ ይሰበሰባሉ። ስለዚህ ገበሬው ያየው ብዛት እውነት ነው፤ ግን ያየው በዓመት አንድ ጊዜ በአንድ ጠባብ ቦታ የተከማቸውን እናት ዓሣ ነው። አስጋሪውም ያየው እጥረት እውነት ነው፤ እንቁላሏን ሳትጥል የተያዘች ዓሣ ለከርሞው ሐይቅ ልጅ አትተውምና። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ወደ ጣና በገቡ ጊዜ ቀድሞ በታንኳ የማይደረስባቸው የወንዝ አፎች ለብዙ አስጋሪ የሚደረስባቸው ሆኑ። አሁን ጠያቂው ሲነሣ ከነበረው «ዓሣው ቀንሷል ወይ?» ከሚል ጥያቄ ተነሥቶ «በየትኛው ወር፣ በየትኛው ወንዝ አፍ መረብ ባይጣል ዓሣው ይተካል?» ወደሚል ጥያቄ ደርሷል። ይህ ጥያቄ ከየትኛውም ተራኪ አፍ ብቻውን አልወጣም፤ የተገኘው ከሁለቱ ታሪኮች መካከል ነው።

ሌላ ምሳሌ፦ እ.ኤ.አ. በ2003፣ ማለትም በ1995 ዓ.ም. በጋ መጨረሻ፣ የጣና ውኃ በመዝገብ ከታዩት ከፍታዎች ሁሉ ወደ ዝቅተኛው ወርዶ፣ የመርከቦች ጉዞም ተስተጓጉሎ ነበር። ያን ዓመት በወደብ የሠራ ሰው የሚያስታውሰው የቆሙ መርከቦችን ነው። በገጠር የነበረ ሰው የሚያስታውሰው የዝናቡን እጥረት ነው። የኤሌክትሪክን ጉዳይ የሚያውቅ ሰው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 በዓባይ መውጫ ላይ የተሠራው የጨረጨራ ግድብ ወደ ጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫዎች ይለቅ የነበረውን ውኃ ያነሣል። «ድርቁ ነው ወይስ ግድቡ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ክርክር ያስነሣል እንጂ አይረዳም፤ ሁለቱም በአንድ ዓመት ተደራርበው ነበርና። ከሁሉ ይልቅ ያልተጠበቀውን የሚነግርዎ ባሕር ሸሽ መሬት፣ ማለትም ውኃው ሲሸሽ የሚገለጠውን ዳር፣ የሚያርሰው ገበሬ ነው። ለእርሱ ውኃው የሸሸበት ዓመት ተጨማሪ ማሳ የተገኘበት ዓመት ሊሆን ይችላል። ለአንዱ ጉዳት የሆነው ለሌላው ሲሳይ እንደነበር የሰማ ጠያቂ፣ ውኃው ሲመለስ በዚያ መሬት ላይ ማን ከማን ጋር እንደተጋጨ፣ ዳር ዳሩ የነበረው ደንገልና ቄጠማ ምን እንደሆነ መጠየቅ ይችላል። አስቀድሞ በተዘጋጀ ቅጽ ላይ እነዚህ ጥያቄዎች አይኖሩም።

አንድን ታሪክ በብዙ መንገድ መፍታት

አንዳንድ ጊዜ ያለን አንድ ታሪክ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ከቤተ ክህነት ትምህርት የምንወስደው ጠንካራ ስልት አለ። የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህራን አንዱን ንባብ ከተረጐሙ በኋላ «አንድም» ብለው ሁለተኛ፣ እንደገና «አንድም» ብለው ሦስተኛ ፍቺ ያመጣሉ። የመጀመሪያው ፍቺ ስለተስማማቸው ብቻ አይቆሙም። የሰማነውን ታሪክም እንዲሁ ብናደርገው ከችኩል ድምዳሜ እንድናለን።

የደምቢያ አካባቢ ገበሬዎች «እንቦጩን ወጥተን ለቀምነው፤ በዓመቱ ተመልሶ አገኘነው» ብለው ቢነግሩን፣ ከደብተራችን ግርጌ እንዲህ ብለን እንጽፋለን። ሲነቀል የተቆራረጠው ተረፈ፣ ከእርሱም አዲስ በቀለ፤ አንድም በሌላ ዳር የነበረው በነፋስ ተነድቶ መጣ፤ አንድም በጭቃው ውስጥ የቀረ ዘር በቀለ፤ አንድም ተነቅሎ ዳር ላይ የተከመረው በክረምት ጎርፍ ተመልሶ ገባ። ትውልዱ ከደቡብ አሜሪካ የሆነው ይህ አረም በጣና ላይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ በቅርንጫፉም በዘሩም ይራባል፤ ዘሩ በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ ሥሩ መሬት ስላልያዘም ነፋስ ከዳር ወደ ዳር ይነዳዋል። ስለዚህ አራቱም ፍቺዎች የሚቻሉ ናቸው።

ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ ፍቺዎቹን የሚለይ ጥያቄ መፈለግ ነው፤ ጥሩ ጥያቄ የምለውም ይህን ነው። «ተመልሶ ሲያዩት ትንንሽ ቡቃያ ነበር ወይስ አበባ ያወጣ ምንጣፍ?» ቡቃያ ከሆነ ነገሩ ወደ ዘር ያዘነብላል፤ ያደገ ምንጣፍ በአንድ ሌሊት ከታየ ነፋስ ያመጣው ነው። «መጀመሪያ የታየው ውኃው በሸሸበት ጭቃ ላይ ነው ወይስ ተንሳፍፎ?» «የነቀላችሁትን የት ከመራችሁት? ክረምት ሲገባ ክምሩ ምን ሆነ?» እነዚህ ጥያቄዎች የሚጠይቁት ገበሬው በዓይኑ ያየውን ብቻ ነው፤ የዕፅዋት ሳይንስ እንዲያውቅ አያስገድዱትም። ነገር ግን ከመልሶቹ የሚገኘው ፍሬ ከባድ ነው፤ መፍትሔው እንደየፍቺው ይለያያልና። ዘር ላለበት ጭቃ የሚሆነው በየዓመቱ በቡቃያነቱ መልቀም ነው፤ ነፋስ ላመጣው ግን የአንድ ቀበሌ ዘመቻ ብቻውን ከንቱ ድካም ነው።

የትውፊት ታሪክ ሲያጋጥም

በጣና ደሴቶችና በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት የሚነገሩ ታሪኮች ብዙዎቹ የቅዱሳን ታሪኮች ናቸው። በዘጌ የመሐል ዘጌ ጊዮርጊስን ገዳም እንደመሠረቱ የሚነገርላቸው አቡነ በትረ ማርያም በዚያ ምድር በበሬ እንዳይታረስ ማዘዛቸው፣ ሕዝቡም በቡና፣ በጌሾና በሎሚ እንዲኖር መባረኩ ይተረካል። እንዲህ ያለውን ታሪክ «እውነት ነው?» ብሎ መጠየቅ ተራኪውን ያስከፋል፤ ጠያቂውንም የትም አያደርሰውም። የሚያስተምረው ጥያቄ ታሪኩ ዛሬ ምን እንደሚሠራ የሚመረምረው ነው፦ ክልክሉን የሚያስጠብቀው ማን ነው? የጣሰ ሰው ቢኖር ምን ይደረጋል? ልጆች መቼና ከማን ይሰሙታል? የቡና ዋጋ በወደቀ ዓመት ሰዎች ምን አደረጉ? በዙሪያው ያለው ምድር ታርሶ ሲራቆት የዘጌ ጫካ እንዴት ቆሞ እንደቀረ የሚገባን በእነዚህ መልሶች ነው፤ ሃይማኖት፣ የኑሮ መሠረትና የማኅበረሰብ ሕግ በአንድ ታሪክ ውስጥ ተገምደው ይገኛሉና።

ማን አልተጠየቀም?

ሰው በብዛት የሚጠይቀው ንግግር የሚያምርለትን፣ ሥልጣን ያለውን ወይም በቅርብ የተገኘውን ነው። ስለዚህ በየምሽቱ የተጠየቁትን ሰዎች ዝርዝር አይቶ የጎደለውን መፈለግ ያስፈልጋል። ዓሣ አጥበውና ሰንጥቀው የሚሸጡ ሴቶች የዓሣውን መጠን መለወጥ በእጃቸው ያውቁታል፤ ግን ስለ ሐይቁ ሲጠየቁ እምብዛም አይታዩም። የነገደ ወይጦ ሰዎች በደንገልና በዓሣ ሥራ የቆየ ዕውቀት አላቸው፤ በሌላው ዘንድ ለረጅም ዘመን ዝቅ ተደርገው ስለታዩ የጠያቂው አክብሮት ገና ከሰላምታው ሊሰማቸው ይገባል። ሴት ጠያቂ ወደ ክብራን ገብርኤልም ሆነ ወደ ደጋ እስጢፋኖስ መግባት አትችልም፤ ከእነዚያ ደሴቶች የምታገኘው ታሪክ በወንዶች አፍ ያለፈ መሆኑን በማስታወሻዋ ላይ ማመልከት አለባት።

ከተሰማው ሁሉ ደግሞ የማይጻፍ አለ። በተከለከለ ጊዜ ወይም በተከለከለ መረብ ማስገሩን በእምነት የነገረዎትን ሰው ስምና መንደር አይጻፉ። ታሪኩ ለግንዛቤ እንጂ ለክስ አልተሰጠዎትም። ይህን ያፈረሰ ጠያቂ የሚጎዳው አንዱን ሰው ብቻ አይደለም፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጣውን ጠያቂ ሁሉ የሚያምን ሰው ያሳጣዋል።

መልሶ ማሰማት

ማስታወሻው በዚያው ቀን ይስተካከል። የተናጋሪው ቃል በጥቅስ፣ የራስዎ ሐሳብ ከጥቅሱ ውጭ ተለይቶ ይጻፍ፤ ቦታው፣ ወሩና «እንዴት አወቁ?» ለሚለው የተሰጠው መልስ ከጎኑ ይቀመጥ።

ከዚያ በኋላ ወደ ተራኪው ተመልሰው የተረዱትን በአጭሩ ይንገሩት። «የገባኝ እንዲህ ነው፤ የት ላይ ስቻለሁ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ይህ «ልክ ነው?» ከሚለው የሚሻለው፣ «ልክ ነው?» ሲባል ሰው ለይሉኝታ ሲል «ልክ ነው» ስለሚል ነው፤ በዚህኛው ግን እርማት እንዲሰጥ ተጋብዟል። ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ንግግር ይልቅ የጠለቀው ነገር የሚነገረው በዚህ እርማት ላይ ነው፤ ሰው ሌላው ያልተረዳለትን ሲያስረዳ ራሱም ሳይናገረው የቆየውን ያወጣልና። የተጋጩትን ሁለት ታሪኮች ለባለቤቶቻቸው፣ ስም ሳይጠሩ፣ አንዱን ለሌላው መንገርም ይቻላል። የባሕር ዳሩ አስጋሪ ስለ ጉማራ አፍ ሲሰማ፣ የፎገራው ገበሬም ስለ ባዶው መረብ ሲሰማ የሚያነሡት ጥያቄ ጠያቂው ብቻውን ከሚያወጣው ይበልጣል።

በመጨረሻም ከመሄድዎ በፊት የጻፉትን ገጽ አውጥተው ከአዲሱ ጋር ያስተያዩት። ያልተለወጠውን ትተው፣ በተለወጠው ዓረፍተ ነገር ሥር ያንን የለወጠውን ታሪክ ይጻፉ፤ ከእርሱም ሥር ገና ያልተመለሰውን ጥያቄ ያስፍሩ። በበጋ የሰሙት ስለ ክረምት ከሆነ ቀጣዩ ጉዞ በነሐሴ ይሁን፤ መንገዱ በጭቃ ቢያስቸግርም ዓሣው ወደ ወንዝ የሚወጣው፣ የወንዙ አፍ ሰዎችም ሥራ ላይ የሚገኙት ያን ጊዜ ነው።